ክረምት በዱብሉቅ፦ የልጆች የስፖርት ካምፕና የኤላው ተራ

ይህ መልእክት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙዎቻችሁ "በጽሑፍ ስጡን" ስላላችሁን ጥቂት አስተካክለን አሳትመነዋል፤ እዚህም እዚያም የንግግር ለዛ ቢቀርበት ከዚያ የመጣ ነው።

ሰኔ ተገባድዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየአጥቢያችን አንድ ማስታወቂያ ይነበባል። ለልጆች የክረምት የስፖርት ካምፕ ተዘጋጅቷል፣ ኳስ አለ፣ መዝሙር አለ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አለ፣ አስመዝግቡ ይባላል። ወላጅም ደስ ይለዋል። ልጁ መንገድ ላይ አይውልም፣ ስልክ ላይ አፍጥጦ አይመሽበትም። አዲስ አበባም ሐዋሳም ነገሩ ይኸው ነው። ታዲያ ይኸው ማስታወቂያ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው በዱብሉቅ ሲነበብ ምን ይሆናል? ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። ግን አስቀድመን ካምፕ የምንለው ነገር ራሱ ከየት እንደ መጣ እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ውስጥ ጆርጅ ዊልያምስ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን መሠረተ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ከገጠር መጥቶ በከተማው የጠፋው ወጣት ከሥራ በኋላ የሚጸልይበትና ቃሉን የሚያጠናበት ቦታ ያግኝ ነው ያሉት። ስፖርት ኋላ ነው የመጣው። በአሜሪካ የዚሁ ማኅበር ሰው የነበረው ሰምነር ዳድሊ በ1885 ሰባት ልጆች ይዞ በኒው ዮርክ ግዛት ወዳለ አንድ ሐይቅ ዳር ሄደና ድንኳን ተከለ። በዚያ አገር እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ከቀጠሉት የልጆች ካምፖች ሁሉ አንጋፋው የሚባለው ከዚያ ጉዞ የተነሣው ነው። ሰባት ልጆች ብቻ! የልጆች አገልግሎት ላይ ሆናችሁ "የመጡት ጥቂት ናቸው" ብላችሁ የምታዝኑ ይህን ልብ በሉ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በ1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል አስተማሪ በብርድ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር ላጡ ተማሪዎቹ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ሰቀለላቸው። ይህ ሰው የነገረ መለኮት ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው። የጻፋቸው ሕጎች 13 ነበሩ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገውም በእግር ኳስ ነው። እኛ አማርኛችን "ቅርጫት ኳስ" ብሎ ቅርጫቱን እስከ ዛሬ ይዞት ይኖራል። መረብ ኳስም ከአራት ዓመት በኋላ ከዚሁ ማኅበር ቤት ነው የወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ሁሉ ከከተማ ችግር የተወለደ ነው። ልጁ ሥራ የለውም፣ ሜዳ የለውም፣ ንጹሕ አየር የለውም፣ ስለዚህ ወደ ሐይቅ ይወሰድ ተባለ። ካምፕ ሥራ ለፈታ ልጅ የተሠራ ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ወወክማ ሲባል ፊቱ ይበራል። ስፖርትንና ክርስትናን አንድ ላይ ይዞ ለከተማ ልጆች ያቀረበ ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ ሥራው ተቋረጠ፤ ከለውጡ በኋላ ነው የተመለሰው። በእኛ በወንጌላውያኑ መካከል ግን ኳስ ለረጅም ጊዜ በበጎ ዓይን አልታየም። እኔ ባደግሁበት አጥቢያ ኳስ የሚጫወት ልጅ "ዓለማዊ" ይባል ነበር። ሽማግሌዎቻችን እንዲሁ በጭፍን አልነበረም የፈሩት። አብያተ ክርስቲያናት የታሸጉበት፣ የቀበሌ ስብሰባና የወጣቶች ውድድር ሆን ተብሎ እሑድ ጠዋት የሚጠራበት ዘመን አልፎባቸዋል። ኳስ ልጆቻቸውን ከአምልኮ የምትነጥቅ ነገር ሆና ነው ያዩአት። ይህን ሳናውቅ ብንስቅባቸው በደል ነው።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ስፖርት ፍሬንድስ የተባለው አገልግሎት ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና ከኤስ አይ ኤም ጋር ሆኖ የአጥቢያ አሠልጣኞችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በላንጋኖ ሐይቅ ዳርም የልጆች ካምፕ አለው። ዛሬ ወንጌላዊ የሆነ አሠልጣኝ ማየት አያስደንቅም።

የእንዲህ ያለ ካምፕ ውሎ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ፊሽካ ይነፋል፤ ዓይኑን እያሻሸ ሩጫ የሚወጣ አለ፣ ጫማው የጠፋበት አለ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ የሚሮጥም አይጠፋም። ከዚያ ሻይና ዳቦ፣ ከዚያ አጭር ቃል፣ ከዚያ በየቡድኑ ልምምድ። ምሳ ብዙ ጊዜ ማካሮኒ ነው። ከሰዓት በኋላ ግጥሚያ፣ ማታ መዝሙርና ምስክርነት። የመጀመሪያዋን ሌሊት እናቱን ናፍቆ የሚያለቅስ ልጅ በመጨረሻው ቀን አውቶቡስ አልሳፈርም ብሎ ያስቸግራል። በዚህ አገልግሎት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ፕሮግራም ነው እንግዲህ እኛ ጠቅልለን ወደ ዱብሉቅ የወሰድነው። ቤተ ክርስቲያኑን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ልጅ ሥራ የሚፈታበት ወር ነው። ቦረና ግን ዓመቱን ሌላ አድርጎ ነው የሚከፍለው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ "ገና" ይሉታል፣ ከልደት በዓል ጋር አትቀላቅሉት። ትንሹ ዝናብ "ሃጋያ" ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ለእነርሱ "አዶሌሳ" ነው፤ ደመናው ይከብዳል፣ ብርዱ ይበረታል፣ ዝናቡ ግን የለም። ኩሬው ደርቋል፣ ከብቱም ወደ ጥልቁ ኤላ ይመለሳል። የትምህርት ቤቱ ካላንደር የደጋ ካላንደር ነው። ልጁን ከክፍል የሚያስወጣው ቤተሰቡ ለሥራ በሚፈልገው ወር ነው።

ዱብሉቅ ደግሞ ተራ መንደር አይደለችም። ቦረና "ቱላ ሳልጋን" ከሚላቸው ዘጠኝ ታላላቅ የኤላ ቦታዎች አንዷ ናት። ከብቱ በተቆረጠ መተላለፊያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ሰዎች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት፤ ዜማው ከተሳሳተ ባልዲው ይደፋል። ከብቱ በደረቁ ወራት የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚቆጣጠር "አባ ሄሬጋ" የሚባል ኃላፊ አለ። ተራ ያለው ይጠጣል፣ ተራ ያለፈው ይጠብቃል። ትንንሾቹ ልጆች ጥጃና ፍየል ይጠብቃሉ፣ ከፍ ያሉት ከብት ይነዳሉ፣ ሴቶች ልጆች ጄሪካን ይሸከማሉ።

እኛ ይህን አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ቀን ሜዳው ሞላ። ሁለተኛው ቀን ይብስ ደስ የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊሽካ ነፋን፤ ከግማሽ በታች መጡ። ማካሮኒው ተቀቅሎ ተቀምጧል። አንዱ ወንድማችን "ይህ የጠላት ሥራ ነው" ብሎ ለጸሎት አስነሣን፤ እኔም በሙሉ ልቤ ጸለይሁ። በኋላ አንድ አረጋዊ በመንገድ ሲያልፉ "አባቴ፣ ልጆቹ የት ሄዱብን?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ውሃ ላይ ናቸው። ዛሬ የእኛ ተራ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "ተራ ካለፈን ከብቱ ምን ይጠጣል?" ብለው መልሰው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ኤላው ወረድን። ሁለት ቀን ሙሉ "አቀብል! ለጓደኛህ አቀብል!" እያልን የጮኽንበት ልጅ እዚያ ቆሞ አየሁት። ከታላቅ ወንድሙ ባልዲ ይቀበላል፣ ሳያይ ወደ ላይ ያቀብላል፣ ባዶውን በሌላ እጁ ይመልሳል፣ አፉ ደግሞ ይዘፍናል። የቡድን ሥራ ልናስተምረው ነበር እኮ የመጣነው!

በዘፍጥረት 29 ያዕቆብ ወደ ካራን ሲደርስ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። እንግዳ ሰው ነው፣ ገና መድረሱ ነው፣ እረኞቹ በጉድጓዱ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያይ ቀኑ ሳይመሽ በጎቹን አጠጥተው እንዲሰማሩ ይነግራቸዋል። እረኞቹም መንጋው ሁሉ ሳይሰበሰብ ድንጋዩን ማንከባለል እንደማይሆንላቸው ያስረዱታል። ስብከቶቻችን ቶሎ ወደ ራሔል ስለሚሮጡ ይህችን ቁጥር እናልፋታለን። ያዕቆብ ስለ እግዚአብሔር ቃል ኪዳን ያውቅ ይሆናል፤ ስለዚያ ጉድጓድ ተራ ግን የሚያውቁት እረኞቹ ናቸው።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር፤ ቃሉ ራሱ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ በዱብሉቅም የተፈናቃዮች መጠለያ ተሠራ፣ በዱላና በሸራ የተሸፈኑ ጎጆዎች ተደረደሩ። ያንንም ሰው "ካምፕ" ነው የሚለው። ከድርቁ በኋላ ለምዝገባ ስንዞር አንዲት ልጅ ካምፕ ልንወስዳት መሆኑን ስትሰማ የእናቷን ቀሚስ ያዘችና "ተመልሰን ልንገባ ነው?" ብላ ጠየቀች። ለእኛ ካምፕ ሐይቅና ድንኳን ነው። ለእርሷ የዕርዳታ ሰልፍ ነው።

በዚያ ሌሊት የኤሪክ ሊድል ነገር አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ አደረ። ስሙን የምታውቁት በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። የ100 ሜትሩ ማጣሪያ እሑድ ስለዋለ አልሮጥም አለ፤ በ400 ሜትር ሮጦ በ47.6 ሴኮንድ ወርቅ ወሰደ። አንዳንድ ሰባኪዎች በመነሻው መሥመር ላይ ቆሞ የተመለሰ አስመስለው ያወሩታል፤ እንዲያ አይደለም፣ ፕሮግራሙን ከወራት በፊት አውቆ ነው የወሰነው። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ነው። ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ ቻይና ሄደ፤ በ1943 ጃፓኖች ዌይሺየን በሚባል ቦታ ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋር አሰሩት። ያም ካምፕ ነበር፤ ግንብና ጠባቂ ያለው። ከወላጆቻቸው ተለይተው ከነትምህርት ቤታቸው የታሰሩ ልጆች ነበሩበት። ሰዎቹ በተራ ቆመው በእጅ ፓምፕ ውሃ ወደ ማማው ይገፉ ነበር። ሊድል ለልጆቹ ሳይንስ አስተማረ፣ የመጫወቻ ዕቃቸውን ጠገነ፣ ግጥሚያ አዘጋጀላቸው።

በእሑድ ግን ጨዋታ አላዘጋጅም አለ፤ አቋሙን ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ዳኛ ሳይኖራቸው ሆኪ ተጫወቱና ጨዋታው በጠብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሊድል ሜዳው ላይ ቆሞ ዳኘላቸው። ለወርቅ ሜዳልያ ያልሰጠውን እሑድ ለተጣሉ ልጆች ሰጠ። የካቲት 1945 በ43 ዓመቱ እዚያው አረፈ፤ ካምፑ ነፃ የወጣው ከእርሱ ሞት ከወራት በኋላ ነው።

እኔ ይህን ካሰብሁ በኋላ የእኛን ፕሮግራም ወረቀት ሳየው አፈርሁ። ለወርቅ እንኳ ሳይሆን ለሪፖርት ነበር የሙጥኝ ያልነው።

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የሄድነው ወደ አባ ሄሬጋው ነው። ሻይ ጠጣን፣ ብዙ ዝም ተባለ፣ ከዚያ የትኛው መንደር መቼ እንደሚያጠጣ ነገሩን። ቀኖቹን በዚያ ላይ ቆረጥን፤ ሁለት ቀን ጨዋታ፣ አንድ ቀን ውሃ። ማደሪያ ቀረ፣ ልጆቹ ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። "ካምፕ" የሚለው ቃል ከማስታወቂያው ወጣ፤ "ታጳ ኢጆሌ"፣ የልጆች ጨዋታ፣ ተባለ። መዝሙሩም ትምህርቱም በኦሮምኛ ሆነ፤ ይህንንስ ከመጀመሪያው ማንም ሊነግረን አይገባም ነበር። ከማካሮኒው ይልቅ ወተት ሲገኝ ወተት፣ ሳይገኝ የበቆሎ ገንፎ ሆነ። ጥቂት እናቶች አሁንም ልጃቸውን አልሰጡንም፤ ጥጃውን ማን ይጠብቅ? አልተከራከርንም።

በውሃው ቀን አሠልጣኞቹ ከልጆቹ ጋር ወደ ኤላው ወረዱ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የሆነ አንድ ወንድማችን "እኔም ልግባ" አለና በሰልፉ መሐል አቆሙት። ዜማውን አያውቀውም። ሁለቱን ባልዲ እንደምንም አቀበለ፤ ሦስተኛውን ደረቱ ላይ ደፋው። ከላይ ጥጃ ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ያ ባለፈው ዓመት የጮኽንበት ልጅ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ በአማርኛ "አቀብል! ለጓደኛህ አቀብል!" ብሎ ጮኸበት።