የተገዛው ሳጥን እና የተገጣጠመው ሳጥን

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

በሜይ 2002 እንግሊዝ ውስጥ ቲቮ የሚባለውን የቴሌቪዥን መቅረጫ የገዙ ሰዎች፣ ሳጥኑን ሲከፍቱ ያላዘዙት ፕሮግራም ተቀርጾ ጠበቃቸው። ዶሳ ኤንድ ጆ የተሰኘ የቢቢሲ ኮሜዲ ነበር። ከቤቱ ሰው ማንም አልመረጠውም። ኩባንያው ከሩቅ ሆኖ አዘዘ፣ ሳጥኑም ታዘዘ። ይባስ ብሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ማጥፋት አይቻልም ነበር። ገንዘብ ከፍለው ሳሎናቸው ያስቀመጡት ዕቃ ሌላ አለቃ እንዳለው ብዙዎቹ የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 2002፣ አይዛክ ሪቻርድስ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ሚዝ ቲቪ የሚል ስም የሰጠውን ሶፍትዌር መጻፍ ጀምሮ ነበር። ዓላማው ተራ ኮምፒውተርን ወደ ቴሌቪዥን መቅረጫ መለወጥ ነው። ሁለቱ ክስተቶች በቀጥታ አይገናኙም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የአሜሪካና የአውሮፓ የቴክኖሎጂ ወዳጆችን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው የቆመው፦ ዝግጁውን ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ዛሬ ጥያቄው ያረጀ ይመስላል። ሪሲቨር ላይ ፍላሽ ሰክቶ መቅረጽ እንደ ቀላል ነገር በሚታይበት ዘመን፣ ያኔ ምን ያህል አብዮት እንደነበር ለመገመት ያስቸግራል። በዴክ ዘመን አንድ ፕሮግራም ለመቅረጽ ባዶ ካሴት መፈለግ፣ ሰዓት መሙላት፣ ከዚያ ካሴቱ ሳያልቅ እንዲጨርስ መጸለይ ነበር። በ1997 ጂም ባርተን እና ማይክ ራምዚ ያቋቋሙት ቲቮ ካሴቱን በሃርድ ዲስክ ተካው። ሳጥኑ በ1999 ገበያ ላይ ሲውል ለተመልካቹ ያልታሰበ ሥልጣን ሰጠ። የተከታታይ ድራማውን ስም አንዴ ከነገሩት በየሳምንቱ ራሱ እየጠበቀ ይቀርጻል። የቀጥታ ስርጭት እያዩ ስልክ ቢጠራ ማቆም፣ ተመልሶ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ማይክል ፓወል በ2003 መጀመሪያ «የእግዜር ማሽን» ብለው አወድሰውታል።

14 ሰዓት የሚቀርጸው የመጀመሪያው ሳጥን 499 ዶላር ነበር። ይህ ግን የዋጋው ግማሽ ታሪክ ነው። ሳጥኑ የትኛው ፕሮግራም በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ የሚያውቀው በስልክ መስመር እየደወለ ከኩባንያው ዝርዝር ሲያመጣ ነው። ለዚያ ዝርዝር በወር 9.95 ዶላር፣ ወይም አንድ ጊዜ 199 ዶላር «ለዕድሜ ልክ» ይከፈላል። ዕድሜ ልክ ሲባል የገዢው ዕድሜ አልነበረም፣ የሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ሲሞት ክፍያውም አብሮት ይቀበራል።

በሌላው ወገን ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ አሮጌ ኮምፒውተሩን ከጓዳ ያወጣል። ሃፔጅ የተባለው ኩባንያ ይሸጣቸው ከነበሩት የቲቪ ካርዶች አንዱን ይገዛል፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይጨምራል፣ ሊኑክስ ይጭናል፣ ከዚያ ሚዝ ቲቪን። ሲነገር አራት እርምጃ ነው፣ ሲሠራ ግን ቅዳሜና እሁድን ይበላል። ድምፁ አይወጣም፣ ሪሞቱ አይታወቅም። የኬብል ዲኮደሩን ቻናል ለመቀየር ደግሞ የሪሞት ጨረር የምትረጭ ትንሽ አምፖል ከዲኮደሩ ፊት ለፊት ትለጠፋለች። ሁሉ ነገር ከተሳካ በኋላ የማራገቢያው ጩኸት ሳሎኑን ይሞላና የቤቱ ሰው ማጉረምረም ይጀምራል። ካርዱ፣ ዲስኩና የመብራቱ ወጪ ሲደመር ርካሽ ነው ማለትም ያስቸግራል። ለአብዛኛው ሰው፣ በግልጽ መናገር ካስፈለገ፣ ቲቮ የተሻለ ዕቃ ነበር።

ታዲያ ሰዎች ለምን ደከሙ? አንዱ መልስ ሪፕሌይ ቲቪ ላይ የደረሰው ነው። ኋላ ሮኩን የመሠረተው አንቶኒ ዉድ ያቋቋመው ይህ የቲቮ ተፎካካሪ፣ በ2001 ማስታወቂያን በራሱ የሚዘልና የተቀረጸን ፕሮግራም በኢንተርኔት ለሌላ ሰው የሚልክ ሳጥን አወጣ። ፊልም ሠሪዎቹና የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ተባብረው ከሰሱት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በሶኒ ቤታማክስ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በኋላ ለማየት ብሎ ቤት ውስጥ መቅረጽ ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ ነበር። ማስታወቂያ መዝለል ግን የጣቢያዎቹን እንጀራ መንካት ነው። ሳጥኑን ይሸጥ የነበረው ሶኒክብሉ ክሱ ሳይቋጭ በማርች 2003 ለኪሳራ አመለከተ። ሚዝ ቲቪም ማስታወቂያ ይለያል፣ ይዘላልም። የሚከሰስ ባለቤት ኩባንያ ግን አልነበረውም። በጎ ፈቃደኞች የጻፉት ኮድ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከሳጥኑ ሆድ ውስጥ ይገኛል። ቲቮ ራሱ የሚሠራው በሊኑክስ ነበር። ፈቃዱ እንደሚያዘው ኩባንያው ያሻሻለውን የሊኑክስ ኮድ ለሕዝብ አውጥቷል። ነገር ግን በኋላ የወጡት ሳጥኖች ኩባንያው ያልፈረመበትን ሶፍትዌር አናስነሳም የሚሉ ሆኑ። ኮዱን ማንበብ ይፈቀዳል፣ ለውጦ በገዛ ሳጥን ላይ መጫን ግን አይቻልም። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሪው ሪቻርድ ስታልማን ድርጊቱን በቲቮ ስም «ቲቮአይዜሽን» አሉት። በጁን 2007 የወጣው ሦስተኛው የጂፒኤል ፈቃድም ይህንኑ ከለከለ። የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ ግን አልተስማማም። የዕቃው ሠሪ በዕቃው ላይ የፈለገውን ቁልፍ የማድረግ መብት አለው ባይ ነው። ሊኑክስም እስካሁን በሁለተኛው ፈቃድ ላይ እንዳለ ነው።

በ2003 ማብቂያ ላይ ደግሞ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። የመገናኛ ኮሚሽኑ ከጁላይ 2005 ጀምሮ የዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያዎች በሙሉ በስርጭቱ ውስጥ የሚላክን የ«አትቅዳ» ምልክት እንዲያከብሩ ደነገገ። የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ ቀኑ ሳይደርስ ምልክቱን የማያውቀውን ካርድ ግዙና በሚዝ ቲቪ መቅረጫ ገጣጥሙ እያለ አሠራሩን ማስተማር ያዘ። ደንቡ ሊጸና ሁለት ወር ሲቀረው፣ በሜይ 2005፣ የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብሎ ሻረው። የኬብል ኩባንያዎቹ ግን ፍርድ ቤት አላስፈለጋቸውም። ስርጭታቸውን ቆለፉ፣ መክፈቻ ካርዱን ተፈትሾ ለጸደቀ ዕቃ ብቻ ሰጡ። ቲቮ አገኘ። ጓዳ ውስጥ የተገጣጠመው ሳጥን ለረጅም ጊዜ ደጅ ቆሞ ቀረ።

ገጣጣሚዎቹን ክፉኛ ያስደነገጠው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የፕሮግራም ዝርዝሩ ነው። ራሳቸውን ነፃ አድርገው ሲያስቡ የአሜሪካዎቹ ዝርዝር የሚመጣው ዛፕ ቱ ኢት ከተባለ የትሪቢዩን ሚዲያ አገልግሎት በነፃ ነበር። በ2007 አገልግሎቱ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እንደሚቋረጥ ተነገረ። ያለ ዝርዝር መቅረጫው ዕውር ነው። ሰዓት ተሞልቶለት የሚጠብቅ ውድ ዴክ ይሆናል። ኮዱ የራስ፣ ሃርድ ዲስኩ የራስ፣ ማክሰኞ ማታ ምን እንደሚተላለፍ የሚያውቀው ግን ሌላ ሰው። የሚዝ ቲቪና የመሰል ፕሮጀክቶች ሰዎች በችኮላ ስኬጁልስ ዳይሬክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቁመው ዝርዝሩን በጋራ መግዛት ጀመሩ። ከወርሃዊ ክፍያ ሸሽተው የወጡት ሰዎች መልሰው ከፋይ ሆኑ። ልዩነቱ የሚከፍሉት ለራሳቸው ማኅበር መሆኑ ነው፣ ያም ትንሽ ልዩነት አልነበረም።

ያ ልዩነት በደንብ የታየው እዚያው እንግሊዝ ነው። በጁን 1 ቀን 2011 ኩባንያው ለመጀመሪያዎቹ የቲቮ ሳጥኖች ይልክ የነበረውን ዝርዝር አቋረጠ። «ለዕድሜ ልክ» የከፈሉ ሰዎች ሳጥኖች ምንም ሳይበላሹ፣ ዲስካቸው እየዞረ፣ የሚቀርጹትን የሚነግራቸው አጡ። ወዲያው አንድ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አልት ኢፒጂ የሚል አገልግሎት አቆመ። የፕሮግራም ዝርዝሩን ራሳቸው እያዘጋጁ፣ ሳጥኖቹ የድሮ ኩባንያቸው የላከላቸው እስኪመስላቸው ድረስ መመገብ ጀመሩ። ቲቮ በ2025 መገባደጃ መቅረጫ መሸጥ አቁሟል። ሚዝ ቲቪን ዛሬም የሚያወርደው ሰው ጥቂት ነው፣ ግን አለ።