የፊት መብራትን ከአቧራና ከጭቃ መጠበቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ከጣርማ በር ጭጋግ ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራቆሬ በኩል ያልፋል። በበጋ ከጥርጊያ መንገዶች የሚነሣው አቧራ፣ በክረምት ደግሞ የሚረጨው ጭቃ የተሽከርካሪን የፊት መብራት ይሸፍናል። የቆሸሸ መብራት ሩቅ አያሳይም፤ ብርሃኑን በትኖም ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዐይን ያጭበረብራል። በዚህ ሁኔታ አመሻሽ ላይ ከብቱን ነድቶ መንገድ የሚሻገር ገበሬ ሳይታይ ሊገጭ ይችላል።

መብራትን በደረቅ ጨርቅ መወልወል አይገባም። በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ የመብራቱን ሽፋን ይጭረዋል። አስቀድሞ በብዙ ውኃ ማራስ፣ ቀጥሎ ሳሙና በነካው ለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቤንዚን የፕላስቲክ ሽፋንን ሊያሰነጥቅ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይውልም።

የቆላው ብርቱ ፀሐይ ፕላስቲኩን በጊዜ ብዛት ቢጫ ያደርገዋል። ይህ በእጥበት አይለቅም። በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ከተወለወለ በኋላ የፀሐይ ጨረር መከላከያ መቀባት ይኖርበታል፤ ካልተቀባ ቢጫነቱ ፈጥኖ ይመለሳል።

አቧራ፣ ጭጋግ ወይም ከባድ ዝናብ ሲያጋጥም አጭር መብራት ይመረጣል፤ ረጅሙ ተንጸባርቆ የአሽከርካሪውን የራሱን ዐይን ይመታል። ፍጥነትን መቀነስ፣ መንገዱ ጨርሶ ካልታየም ከአስፋልቱ ወጥቶ መቆም ይገባል። በምሽት ከብት የሚነዳ ሰው ደግሞ ነጭ ልብስ ቢለብስና የእጅ ባትሪ ቢይዝ ከሩቅ ይታያል።