ታስሮ ነው ወይስ ታሞ?

ዲማ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እየናቁ ስለ መለሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች ልጅ ባል ስታጣ በአገራችን የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ «ዓይነ ጥላ አለባት» ይባላል። የአባት ኩራት በመንፈስ ይላከካል።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 በፈረንጅ አቆጣጠር) በጠንቋይና በአስማተኛ ላይ ዘምቶ ነበር። «መጽሐፈ ብርሃን» ያወግዛቸዋል፤ ሕዝቡም ሰይጣንን መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ ታዝዟል። ክታቡ ግን አልጠፋም። እንዴትስ ይጥፋ? የሚያወግዘው ቄስና ክታብ የሚጽፈው ደብተራ የወጡት ከአንድ ጉባኤ ቤት ነው!

ሙሽራው ሌሊቱን ካልሆነለት «አስረውታል» ይባላል፤ ፍቱ የተባለውም «መፍትሔ ሥራይ» የተሰኘው ጸሎት ነው። እኛ ተማሪዎቹ በዚህ መሳቅ ይቀናናል። ግን እናስበው፤ «ታስሯል» ማለት ጥፋቱ የሱም የሷም አይደለም ማለት ነው። በድንጋጤ ለደከመ ልጅ ይኽ ራሱ መድኃኒት ሳይሆነው አይቀርም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የሬምሱ ጳጳስ ሂንክማር በ9ኛው መቶ ዓመት ስለዚሁ ጽፏል፤ ቃሉንም ግራጥያን በ1140 ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋር አስገብቶታል፦ በሥራይ የታሰሩ ባልና ሚስት ይናዘዙ፣ ይጸልዩ፣ ይመጽውቱ፤ ካልዳኑ ይለያዩ። በኛም ፍትሐ ነገሥት ከወንድ አለመቻል ጋብቻ ሊፈርስ ይችላል።

ሸክሙ የከበደው ግን በሴቷ ላይ ነው። ሕፃናት ሲሞቱባት «ሾተላይ አለባት» ተባለች። ለዚህ የሚጻፈው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፤ ቅዱሱ በፈረስ ሆኖ ሕፃን ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ይወጋል። የብራናው ቁመት በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጋርዳት። (እርግጥ ወደኛ የደረሱት ክታቦች አብዛኞቹ ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉ ናቸው።)

ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የደም አርኤች አለመጣጣምን ነው። የናቲቱ ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ሰውነቷ ግን የልጁን ደም ጠላት አድርጎ ይለምድና ተከታዮቹን ያጠቃል። መከላከያ መርፌው የወጣው በ1968 (በፈረንጅ) ነው። ታዲያ ያ ባል ፈቷት ሌላ ቢያገባ፣ የአዲሲቱም ደም ፖዘቲቭ ቢሆን፣ ልጆቹ ያድጉለታል። መንደሩም «አላልናችሁም?» ይላል። ፊተኛይቱ ክታቧን በአንገቷ አንጠልጥላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ማስረጃው ሁሉ በሷ ላይ ነው።