ቦርከናን በእግር፦ ከከሚሴ መናኸሪያ እስከ ሾንኬ ተራራ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የደብረ ብርሃንን ብርዳም ሜዳ አቋርጦ፣ ጣርማ በር ደርሶ በዋሻው ካለፈ በኋላ፣ ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላ የሚወርደው ጠመዝማዛ ጎዳና በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራቆሬ አሳልፎ፣ ከመዲናይቱ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቦርከና ሸለቆ ከተቀመጠችው ከከሚሴ ያደርሰዋል። ብዙ ሰው ግን በዚያ አይወርድም። ሾፌሩ ለምሳ ያቆመ እንደ ሆነ እጁን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሙቀቱን አማርሮ ይሳፈራል፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማም በእርሱ ዘንድ በመስኮት የታየች የመንገድ ዳር ከተማ ብቻ ሆና ትቀራለች። እኔ ግን መውረድ ይገባል እላለሁ፤ የዚህ አገር ታሪክ የሚገኘው ከጎዳናው ግራና ቀኝ ወደ ኮረብታው በሚወጡት የእግር መንገዶች ላይ ነውና።

ጎዳናው ራሱ በታሪክ ሚዛን ገና ልጅ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜኑ ጦር ግንባር ሲዘምቱ እስከ ደሴ በአውቶሞቢል የሄዱበት ጥርጊያ መንገድ ነበረ፤ ደሴም በሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ በጭነት መኪና የተጫነ ሠራዊቱን አስከትሎ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው በዚያው ጥርጊያ ነው። ጣርማ በር ላይ የእኛ ሰዎች መንገዱን ንደው ስለ ጠበቁት፣ ያ ሁሉ መኪና በገደሉ አፍ ተገትሮ፣ ወታደሩ ድንጋይ ሲያግዝ ውሎ አደረ። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ኢጣሊያኖች ተራራውን በስተው ዋሻውን አወጡ፣ ድልድዮቹን ሠሩ፣ ኮምቦልቻም ላይ መንገዱን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወደ ደሴና ወደ አስመራ፣ ሁለተኛውን በባቲ በኩል ወደ አሰብ ሰደዱት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ጥበቃው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ሽማግሌዎች ዛሬም በናፍቆት የሚያነሡት ወሎ ፈረስ የተባለው አውቶቡስም ሕዝቡን ያመላልስ ጀመር። ሰው ከኮረብታው ወርዶ በጎዳናው ዳር መስፈሩ፣ ሱቅና ምግብ ቤት መክፈቱ፣ ቆርቆሮ ማልበሱ ከዚህ በኋላ የበረታ ነገር ነው።

ከዚያ በፊትማ የሸለቆው ወለል የሚፈራ ስፍራ ነበር። ንዳድ የሚባለው የቆላ ትኩሳት የደጋውን ሰው ስለሚጥለው፣ ነጋዴውም ወታደሩም ማደሪያውን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይመርጥ ነበር፤ ሸለቆውን ቢሻገር እንኳ ፀሐይ ሳትከር ተሻግሮ ወደ ማዶው ተረተር ይወጣል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ጎንደር ለመድረስ አስቦ በወሎ በኩል ሲያልፍ፣ በእንግድነት ከተቀበለው የወሎ ባላባት እጅ ተዘርፎ፣ ከንብረቱ ተራቁቶ ወደ ምጽዋ የሄደበትን ጉዞ ጽፎ አትሞታል፤ ያን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በዚያ ዘመን መንገደኛን የሚያስጨንቀው ከተራራው መቆም ይልቅ የየአገሩ ገዥ ፈቃድ እንደ ነበረ ይረዳል። ከዚህም ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከካራቆሬ ብዙም በማይርቀው በአንጾኪያ፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1531 የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ወግቶ ድል ማድረጉን የእርሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ይተርካል። ዛሬ አውቶቡሱ በጥቂት ሰዓት የሚያልፈው አገር ለጥንቱ ሰው በየቀኑ አዲስ ጌታ ያለው አገር ነበር።

ከሚሴ ያደረ እግረኛ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሳይደክም ሊሄድበት የሚችለው የጨፋ ሜዳ ነው። ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ጥቂት በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ሄዶ ወርዶ፣ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ወደ ሣሩ ቢገባ፣ ቦርከና ከደሴ ተራሮች ይዞት የወረደውን ውሃ እንደ ልቡ ያሰፋበትን ረግረግ ያገኛል። ደንገሉና ሸምበቆው መካከል ሳቢሳው ነጭ ሆኖ ቆሞ ይታያል፤ ከዳር ዳር ግራር አለ። በበጋ፣ ዙሪያው ቆላ ሁሉ ሲደርቅ፣ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ወደዚህ ይመጣል፤ ስለዚህም ጨፋ የግጦሽ ስፍራ ብቻ ሳይሆን የብዙ ጎሳዎች የስምምነት ስፍራ፣ አንዳንድ ጊዜም የጠባቸው መነሻ ሆኖ ኖሯል። የእርሻው መስፋፋት ረግረጉን ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋው መሄዱ ግን ለከብት አርቢው ከባድ ነገር ነው፤ በድርቅ ዓመት ሌላ የት ይሂድ?

ውሃው በዚህ ለምን ይቆማል የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ ሥነ ምድር ሊቃውንት መልሱን ከታች ከመሬቱ ሆድ ያወጡታል። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት የደጋው ጠርዝ ዝም ብሎ አልተቆረጠም፤ በጠርዙ ላይ ረጅም ቁራጭ መሬት በሁለት ስንጥቆች መካከል ሰጥሞ ቀረ፤ ይኸውም የቦርከና ሸለቆ ነው። ስለዚህ መንገደኛው በምዕራብ የደጋውን ግድግዳ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ቆላ የሚለየውን ተረተር እያየ በሁለት ተራራ መካከል ይሄዳል፤ ቦርከናም የምሥራቁን ተረተር ሰንጥቆ ወደ አዋሽ ለመውጣት ብዙ ይደክማል። ይህ መሬት ገና አልተኛም። በግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የተነሣው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፍርሶ፣ ካራቆሬን ጎድቶ፣ ጎዳናውን ሰነጣጥቆት ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን ስለዚህ መንቀጥቀጥ በጥንቃቄ ጽፈዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው በኮረብታው ወገብ ላይ ደረጃ መስሎ የሚታየውን እርከን ሲያይ፣ የገበሬ እጅ የሠራው ይሁን የምድር መናወጥ የቆረጠው ለመለየት ዐይኑን ማሠልጠን ይኖርበታል።

ወደ ሾንኬ የሚደረገው ጉዞ ግን የቀን ሥራ ነው፤ ማልዶ መነሣት፣ በትር መያዝ ያስፈልጋል። መንደሪቱ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀጥ ያለ ኮረብታ ራስ ላይ የተቀመጠች፣ የአርጎባ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። መኪና እስከሚያደርስበት ድረስ ሄዶ ከዚያ በኋላ ያለው አቀበት የእግር ነው። ማሽላው መካከል የሚሄደው መንገድ ጥቂት ቆይቶ ወደ ድንጋይ ይለወጣል፤ ክትክታውና አጋሙ ልብስ ይይዛል፤ ቁልቋሉ በገደሉ ዳር ተሰልፎ ይታያል። በዚህ መንገድ ላይ የሚያጋጥም አዛውንት «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ሰላምታ የሰጠውን ሰው ሳይመርቅ አያልፍም፤ «ከየት ነው የመጣኸው፣ ልጄ?» የሚለውም ጥያቄ ምርመራ ሳይሆን የአክብሮት ወግ ነውና፣ ቆሞ፣ በትሩን ተደግፎ በእርጋታ መመለስ ይገባል።

ከላይ ሲደርሱ የሚታየው ነገር ከሩቅ ከሚታየው ይበልጣል። ቤቶቹ በድንጋይ የታነጹ፣ ጣሪያቸው በእንጨትና በአፈር የተደፈነ፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ከአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አባወራ ይኖራል። ከግርጌ ለሚያይ ጠላት ቤቱና ዓለቱ አይለዩም፤ ከላይ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሸለቆው ሁሉ የተገለጠ ነው። ነዋሪዎቿ ዕድሜዋን 900 ዓመት ያደርሱታል። ይህን ቁጥር ያጸደቀ ቁፋሮ እስኪደረግ ድረስ እንደ ትውፊት ልንቀበለው ይገባል፤ ነገር ግን ከይፋት እስከ ቃሉ ባለው የደጋ ጠርዝ ላይ የአርጎባ ሕዝብ ድንጋይ ጠራቢና ነጋዴ ሆኖ ለብዙ ዘመን መኖሩን የሚክድ የለም፤ በይፋት በኩል የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው እነ ኖራና አስበሪ የተባሉት የፈረሱ የመካከለኛው ዘመን ከተሞችም የዚህ ጥበብ ምስክሮች ናቸው።

ሾንኬን ከሌሎች የተራራ መንደሮች የሚለያት የዕውቀት ቤት መሆኗ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ የነበሩት ታላቁ ዓሊምና ሱፊ፣ ሼህ ጀውሃር ቢን ሐይደር፣ የሾንኬ ሼህ እየተባሉ የሚታወቁት፣ ደረሶችን ከየአገሩ ሰብስበው በዚህ ኮረብታ ላይ አስተምረዋል። ዘመኑ ቀላል ዘመን አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት አንድነት ዐዋጅ ካወጡ በኋላ፣ የወሎ መኳንንት ከፊሎቹ ክርስትና ሲነሡ፣ ከፊሎቹ ሲያምፁ፣ ከአርጎባ ወገን የሆኑት ሼህ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር ሕዝቡን አስተባብረው ተቃውሞ ያስነሡበት ጊዜ ነበር። የዚህን ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ በጥልቀት መርምረው ታላቅ መጽሐፍ የጻፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ሁሴን አሕመድ፣ የወሎን የዕውቀትና የዝያራ ስፍራዎች ለሊቃውንት ዓለም ካስተዋወቁት ግንባር ቀደሙ ናቸው። በቆላው ገበያና በጎዳናው ጫጫታ መካከል ሆኖ ይህን ታሪክ መገመት ያስቸግራል፤ አቀበቱን በእግሩ የወጣ ሰው ግን መጻሕፍቱና ሊቃውንቱ ለምን ይህን ከፍታ እንደ መረጡ እግሩ ራሱ ይነግረዋል።

እንዲህ ያለውን የእግር መንገድ ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ከለንደን በስተ ደቡብ ባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ፣ ሠራተኛው ሕዝብ በእሑድ ቀን በአውቶቡስ ሄዶ በጫካና በሣር መካከል የመንሸራሸር ልማድ ነበረው፤ የከተማይቱ የትራንስፖርት ድርጅትም የእግር መንገዶቹን የሚያሳዩ መጻሕፍት ያሳትም ነበር። ሆኖም በዚያ አገር በብዙ ቦታ እግረኛው በባለ ርስቱ መሬት ለማለፍ መታገል ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በኪንደር ስካውት ተራራ ላይ በጅምላ ገብተው የታሰሩ ወጣቶች ነበሩ፤ የገጠር መንገዶች በመዝገብ እንዲሰፍሩ ያዘዘው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በእኛ ዘንድ የእግር መንገድ የሁሉ ነው፤ በማሳው መካከል ያለፈውን ሰው የሚከስ ገበሬ አላጋጠመኝም። የጎደለን ፈቃዱ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ የትኛው መንገድ ከየት ተነሥቶ ወዴት ያወጣ እንደ ነበረ የሚያውቁት አዛውንት ሲያልፉ፣ መንገዱም በመስኖ ቦይና በአዲስ አጥር ሥር ይጠፋል።

ሰኞን ለባቲ ማዋል ይገባል። ከከሚሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ መኪና ቀይሮ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰው፣ ከደጋ የወረደው ነጋዴና ከአፋር ቆላ ግመሉን እየነዳ የወጣው አርብቶ አደር የሚገናኙበትን ገበያ ያያል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱ ባቲ የጨውና የቅቤ መለዋወጫ ብቻ እንዳልነበረች ያስረዳል። ገበያው የሚደምቀው በረፋድ ስለ ሆነ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ማደር ይሻላል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚህ ጎዳና ዳር ያሉ ከተሞች ግጭትና ጦርነት አይተዋልና፣ ከመነሣት በፊት የአገሩን ሁኔታ ከከሚሴ ሰው መጠየቅ የግድ ነው። ለእግረኛ የሚስማማው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ ጭቃው የተነሣበት ጊዜ ነው። በረመዳን የሚሄድ ሰው ግን ከአፍጥር በፊት በከሚሴ ምግብ ቤት እንዳይፈልግ፣ ስንቁንም በመንገድ ላይ ሳይሆን ከዛፍ ጥላ ሥር ገለል ብሎ እንዲበላ ይመከራል፤ ሾንኬ ላይ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ቡና ጀባ የሚለው አይታጣምና።