ማጥላትና ማፍካት፦ ብረታማ ቀለም በጥቃቅን ቅርጾች ላይ

ማጥላትና ማፍካት የሚኒየቸር ቀቢዎች «ሼዲንግ» እና «ሃይላይቲንግ» ለሚሏቸው ሁለት ሥራዎች የሚስማሙ የአማርኛ ቃላት ናቸው። ማጥላት የቅርጹን ስርጉድ፣ እጥፋትና መጋጠሚያ ማጥቆር ነው። ማፍካት ደግሞ ብርሃን ቀድሞ የሚያርፍበትን ጠርዝና ጉብታ ከመደቡ ቀለም አንድ ሁለት ደረጃ ማንጣት ነው። ዛፍ በመንገድ ላይ ያጠላል፤ ቀለምም «ፈካ ያለ» ይባላል፤ ስለዚህ ቃላቱን ከሩቅ ማምጣት አላስፈለገም። በዚህ ሙያ «ሜታሊክ» የሚባለው ቀለም «ብረታማ ቀለም» ቢባል ያስኬዳል። ችግሩ ሁለቱን ሥራዎች በብረታማ ቀለም ላይ ማዋሉ ነው፤ ይህ ቀለም ከሌሎች ቀለሞች በተለየ መንገድ ብርሃን ይመልሳልና።

ሚኒየቸር ከጣት የማይበልጥ የሰው፣ የእንስሳ ወይም የተሽከርካሪ ቅርጽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ28፣ በ54 እና በ75 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው። 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰው ከእውነተኛው ሰው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ገደማ ያንሳል። ቅርጹ ሲያንስ ግን የክፍሉ ብርሃን አብሮ አያንስም። በእውነተኛ ካባ ላይ ጥልቅ ጥላ የሚጥል እጥፋት በዚህ ቁመት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ጭረት ይሆናል፤ ብርሃንም ከየአቅጣጫው ገብቶ ጥላውን ያጠፋዋል። ያልጠላና ያልፈካ ሚኒየቸር የፕላስቲክ መጫወቻ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀቢው ብርሃኑ ያልሠራውን ጥላ በብሩሽ መሥራት አለበት።

ብረታማ ቀለም እንደ ሌላው ቀለም ከተፈጨ ዱቄትና ከማያያዣ ብቻ አይሠራም። በውስጡ ዝርግ ዝርግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ፤ እነዚህም አሉሚኒየም ወይም በስስ ኦክሳይድ የተለበጠ ማይካ ናቸው። ቀለሙ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ በአብዛኛው በገጹ ላይ ተኝተው እንደ ጥቃቅን መስተዋቶች ብርሃን ይመልሳሉ። በአዲስ አበባ በጎተራና በላንቻ አካባቢ ባሉ ጋራዦች መኪና የሚቀባበት «ሜታሊክ» የሚሠራውም በዚሁ መርሕ ነው። ቀቢው መጀመሪያ ብረታማውን ይረጫል፤ ከዚያ «ክሊር» የሚባለውን ብርሃን አስተላላፊ ልባስ ይደርብበታል። ለመኪና የተበጀ ቅንጣት ግን ለሚኒየቸር ይተልቃል። 20 ማይክሮን ስፋት ያለው ቅንጣት 28 ሚሊ ሜትር በሆነ ቅርጽ ላይ ሲያርፍ በእውነተኛው ሰው መጠን ቢሰላ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ሰይፉም የተወለወለ ብረት መምሰሉ ቀርቶ ብልጭልጭ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ለሚኒየቸር ቀለም ሲመረጥ ከብራንዱ ይልቅ የቅንጣቱ ደቃቅነት መታየት አለበት። ቅንጣቶቹ በጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጡም ቀለሙ ሁልጊዜ በደንብ ተንጦ ነው የሚከፈተው።

ተራ ቀይ ቀለም የጠቆረ ቀይ ከተቀባበት በየትኛውም ማዕዘን ቢታይ ጠቁሮ ይቀራል። ብረታማ ቀለም ግን እንዲህ አይደለም። ጠቆር ያለ ብረታማ ቀለም በስርጉዱ ውስጥ ቢቀባ ቅርጹ ትንሽ ሲዞር ቅንጣቶቹ መብራቱን ይይዙና ጥላ መሆን የነበረበት ቦታ ያበራል። ብርሃን የሚመልስ ጥላ ደግሞ ዓይንን ያሳስታል። በብረት ላይ ማጥላት ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ብልጭታውን መግደል ነው፤ ጥቁረቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ጀማሪ ቀቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጨለማውን ያጠናክራሉ፣ ማደብዘዙን ግን ይረሳሉ። ጥላው የሚያርፍበት ቦታ የማያብለጨልጭ ቀለም ያስፈልገዋል፤ ፈካ የሚለው ጠርዝ ደግሞ ብልጭታውን እንደያዘ መቆየት አለበት። በተራ ቀለም ሥራው በጨለማና በብርሃን መካከል ይካሄዳል፤ በብረታማ ቀለም ግን በደበዘዘና በሚያብለጨልጭ መካከልም ይካሄዳል።

ሥራው በጥቁር የመጀመሪያ ልባስ ይጀመራል። ብሩሽ ያልደረሰበት ስርጉድ ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር የጥላው ሥራ በከፊል በዚህ ያልቃል ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የመደቡ ብረታማ ቀለም በሁለት ስስ ድርብ ይቀባል፤ አንዴ ወፍሮ ከተቀባ የቅርጹን ስስ ጌጥ ይደፍነዋል። መደቡ ሲደርቅ «ዋሽ» ተራውን ይይዛል፤ ይህም በውሃና በማሰራጫ ፈሳሽ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ነው። በአማርኛ «የሚሰርግ ቀለም» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ ከጉብታው ላይ ወርዶ በየስርጉዱ ይሰርጋልና። በደረቀ ጊዜም አብዛኛው ዓይነት ሳያብለጨልጭ ስለሚቀር ጥላውን ያደበዝዘዋል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ካልተመጠጠ ግን የቡና ስኒ ሥር የመሰለ ቀለበት ጥሎ ይደርቃል።

ከዚያ በኋላ ማፍካቱ ይከተላል። የመደቡ ቀለም በጉብታዎቹ ላይ ብቻ ይመለሳል፤ ከሱ በላይ ፈካ ያለው፣ በመጨረሻም የጠራ ብርማ ቀለም በጠርዞቹ ጫፍ ላይ ብቻ ይደረጋል። ጠርዝ ሲፈካ በብሩሹ ሹል ጫፍ መሳል አያስፈልግም፤ የብሩሹን ጎን በጠርዙ ላይ ማስኬድ ይቀላል፣ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል። በሰንሰለት ጥሩርና በሸካራ ገጽ ላይ «ደረቅ ብሩሽ» የሚባለው ዘዴ ይሠራል፤ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ የቀረው ትንሽ ብቻ በጉብታዎቹ ላይ ይታሻል። ለማፍካት ነጭ ቀለም በብረታማው ውስጥ መቀላቀል ግን አይመከርም። ነጩ ቅንጣቶቹን ሸፍኖ ብረቱን የኖራ መልክ ይሰጠዋል። የሚያፈካው ብር ነው።

ጥላው ለየብረቱ ይለያያል። በዓድዋ ጊዜ የነበረ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተዋጋ ከመኳንንቱ አንዱ በ54 ሚሊ ሜትር ሲቀባ ይህ በአንድ ቅርጽ ላይ ይታያል። የጎራዴው ስለት ብረት ነው፤ ጥላው ጥቁር ሆኖ ትንሽ ሰማያዊ ቢነካካው ቅዝቃዜውን ያወጣዋል። የክብር ጋሻው ከቆዳ ተሠርቶ በከፋይ ይለበጥና በብር ወይም በወርቅ በተለበጠ ጌጥ ይሸለማል። የብሩ ጌጥ ጥላ ግራጫ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ቢያዘነብል ይሻላል፤ ከብረቱ ስለት የሚለየውም ጠርዙ ይበልጥ ስለሚነጣ ነው። ወርቅ ፈጽሞ በጥቁር አይጠላም። ጥቁር በወርቅ ላይ ሲወርድ ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ቆሻሻ መልክ ያመጣል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ግን ሙቀቱን ጠብቆ ያጠልቀዋል። ወርቅ ሲፈካም በቅድሚያ ከብር ጋር የተቀላቀለ ወርቅ፣ በጫፉ ላይ ብቻ ንጹሕ ብር ይደረጋል። መዳብና ነሐስ ቡናማ ጥላ ይቀበላሉ፤ ያረጁ እንዲመስሉ ከተፈለገ በስርጉዳቸው ጥቂት አረንጓዴ-ሰማያዊ ዝገት ይጨመራል። ከከፋዩ አጠገብ ያለ ብረት ሁሉ ደግሞ የከፋዩን ቀለም ጥቂት በጥላው ውስጥ መያዝ አለበት፤ ብረት የጎረቤቱን መልክ ይመልሳልና።

የወርቅ ጥላ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተዘርፎ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው ዘውድ ጥሩ ሞዴል ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከሰጡት ስጦታ ጋር ይያያዛል። በላዩ ላይ የሐዋርያትና የወንጌላውያን ምስሎች ከውስጥ ተቀጥቅጠው ወጥተዋል። የምስሎቹ ዙሪያ ጠልቆ ይታያል፤ ጉብታቸው ግን ያበራል። በአዲስ አበባ ቂርቆስ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በ1930 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ወርቅማው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ደግሞ ፀሐይ ስትዞር ጥላው በጎፈሩ እንዴት እንደሚዘዋወር ያሳያል። ሐውልቱ ትልቅ ስለሆነ ቀቢ አላስፈለገውም።

በብረታማ ቀለም ከመቀባት ሌላ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ በዓለም አቀፍ ቀቢዎች ዘንድ «ኖን-ሜታሊክ ሜታል» ይባላል። አማርኛው «ብረት-መሰል ቅብ» ቢሆን ትርጉሙን ይይዛል። በዚህ መንገድ ብረታማ ቀለም ጭራሽ አይነካም፤ ብልጭታው በተራ ቀለም ይሳላል። መሠረቱ የተወለወለ ብረት ዙሪያውን እንደሚያሳይ ማስተዋል ነው። በጎተራ ማሳለጫ ላይ የሚያልፍ ብርማ መኪና ጎኑ ቢታይ ከላይ ሰማይን፣ ከታች አስፋልትን ይመልሳል፤ በመካከላቸው ጠቆር ያለ የአድማስ መስመር ይኖራል። ቀቢው ይህን በጎራዴ ስለት ላይ በግራጫ፣ በጥቁርና በነጭ ይደግመዋል፤ ጨለማውና ነጩ ሳይለሳለሱ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ። ጥቅሙ ብልጭታው ቀቢው ባስቀመጠበት መቆየቱ ነው፤ ለፎቶግራፍና ለውድድር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ቅርጹ ሲዞር ብርሃኑ አብሮ አይዞርም።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ይህን አስተሳሰብ በሌላ መልኩ ያውቁታል። በብራናና በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የቅዱሳን አክሊል በአብዛኛው በወርቅ ቅጠል ሳይሆን በቢጫ ቀለም ነው የሚሣለው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ደማቅ ቀለሞችን ያለ ጥላ ይጠቀም ነበር፤ በምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው ግን ፊትንና ልብስን በደረጃ እያጠላ ሙሉ አካል ያስመስላል። ማጥላት ለዚህ አገር ሥዕል አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ዘዴው ወደ 54 ሚሊ ሜትር ቅርጽ መውረዱ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ መከላከያ ቫርኒሽ ነው፤ ብዙ ሥራም የሚበላሸው እዚህ ነው። «ማት» የሚባለው የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ከተረጨ የደከሙበትን የብረት ብልጭታ ሁሉ ያጠፋል፤ አንጸባራቂው ደግሞ ከፋዩንና ቆዳውን ሳይቀር ያብለጨልጫል። የተሻለው መንገድ መላውን ቅርጽ በማት ከሸፈኑ በኋላ ብረቱን ብቻ በጥሩ ብሩሽ በከፊል አንጸባራቂ ቫርኒሽ መመለስ፣ ወይም የብረቱን ጠርዝ ማፍካት ከማቱ በኋላ ማድረግ ነው። ለብረታማ ቀለም የተለየ ብሩሽና የተለየ የውሃ ኩባያም ይያዛል። ቅንጣቶቹ በውሃው ውስጥ ስለሚቀሩ በዚያ ውሃ የታጠበ ብሩሽ ፊትን ሲቀባ ጉንጩ ላይ ብር ይቀራል።