የሸክላው ዘመንና እኛ

ባለፈው ሰሞን ማታ መብራት ጠፍቶ በመኝታ ክፍላችን በጨለማ ተቀምጠን ሳለን፣ በስልኬ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፈትሁ። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ «ይኼ እኮ የፈረንጅ ጩኸት ነው፤ የራስህን ትተህ በሰው ዕቃ ምን ያመጻድቅሃል?» አለኝ። ሌላው ከላይኛው አልጋ ሆኖ፣ «ተወው፣ እሱ የሞተ ሰው ካልዘፈነ አይጥመውም» ሲል ሁሉም ሣቁብኝ። እኔም አብሬ ሣቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። የሚከተለው ያን ማታ ያልሰጠሁት መልስ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የቀረብሁት እንደ ጠበቃ እንጂ እንደ ዳኛ እንዳልሆነ ከመነሻው ዕወቅልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛንና የውጭውን ሸክላ ጎን ለጎን ለማስተያየት እንዲመች ብዬ ነው።)

ለመሆኑ ሳክስፎንና መለከት እዚህ አገር በማን እጅ ገቡ? ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ላከ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከነጻነት በኋላም የሥጋ ዘመዱ ነርሰስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን፣ የፖሊሱንና በ1955 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር) ሙዚቀኞች አሠለጠነ። እንግዲህ አገር የሌለው ስደተኛ ልጅ ለኛ ሰው የትንፋሽ መሣሪያ አስተማረ ማለት ነው። ጓደኛዬ «የፈረንጅ» ያለው ነገር መነሻው ከመከራ የተረፉ ልጆች እጅ ነው። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ይበርዳል።

በዚያን ጊዜ ኦርኬስትራ የመንግሥት ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የምድር ጦር እየተባለ ይጠራል። ዘፋኙ የደንብ ልብስ ለባሽ፣ ደመወዝተኛ፣ በወታደር ሕግ የሚቀጣ ሰው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ1960 የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ ጥላሁንም ታስሮ ነበር። ዘፈን ከፖለቲካ የራቀ ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ እስቲ ይህን ያስበው።

ወዲያው የ1960ዎቹ ዓመታት መጡ። በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ሮክ፣ ሶልና ጃዝ ያስተላልፍ ነበር። ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን ወደየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ሲበተኑ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጋራ ሸክላቸውንም ይዘው ገቡ። ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ጄምስ ብራውን፣ ኦቲስ ሬዲንግ የሚባሉ ስሞች ተማሪው አፍ ገቡ። አለማየሁ እሸቴ በዚያ ዘመን ጎረመሰ። ጠጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጥሮ፣ እንደ ጄምስ ብራውን እየጮኸና እየተርገፈገፈ መድረክ ላይ ወጣ። «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ይሉታል። ስሙን ግን አልወደውም፤ ሰውየውን ግልባጭ ያስመስለዋልና። አለማየሁን በደንብ ያዳመጠ ሰው ጩኸቱ ውስጥ የራሳችንን እንጉርጉሮ ይሰማል። ልብሱን ተዋሰ እንጂ ድምፁን አልተዋሰም። በ2021 ሲያርፍ አገር ያለቀሰለትም ለዚህ ይመስለኛል። ብዙነሽ በቀለንም እንዲሁ ከአሬታ ፍራንክሊን ጋራ ያስተያይዋታል። የሁለቱንም ሸክላ አከታትሎ የሰማ፣ ሁለት እናቶች በየቋንቋቸው አንድ ሐዘን ሲያወጉ ይሰማል።

ወደ ጌታቸው መኩሪያ እንመለስ፤ ክርክሩ የተነሣው በእሱ ነውና። ጌታቸው በ1949 ገና ልጅ ሳለ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ1950ዎቹም ማንም ያላሰበውን ነገር አደረገ፤ ሽለላን ከሸላዩ ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ነፋው። መድረክ ላይ ሲወጣ እንደ ጥንቱ አርበኛ የአንበሳ ጎፈር አጥልቆ ነበር። ሳክስፎኑ ይፎክራል፣ ያቅራራል፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ያጓራል። በአሜሪካ እነ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ፍሪ ጃዝ ብለው የጃዝን አጥር ያፈረሱት ደግሞ በዚያው ዘመን ግድም ነው። ዛሬ የውጭ ሰዎች ጌታቸውን ሲሰሙ እነሱን ያስታውሳቸዋል። እሱ ግን ያደገው በፉከራ ነው። በስተርጅናውም «ዘ ኤክስ» ከሚባሉ የሆላንድ ሮከኞች ጋራ ተጫውቶ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አወጣ፤ በ2016 ዐረፈ። ታዲያ ጓደኛዬ ሆይ፣ ይህ የፈረንጅ ጩኸት ከሆነ፣ አያቶቻችን በጦር ሜዳ ሲሸልሉ የጮኹት የማን ጩኸት ነበር?

ሙላቱ አስታጥቄ የሄደበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። እሱ ግን ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያም ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ ትምህርት ቤት ከገቡት አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት ሸክላዎች አወጣ፤ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አስከተለ። ጥያቄው በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም፣ አምባሰልም አንቺ ሆዬም፣ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ጃዝ ግን አሥራ ሁለቱንም ይጠቀማል። አሥራ ሁለቱ ከአምስቱ ጋራ በአንድ ቤት ሲያድሩ አምስቱ እንዳይዋጡ ምን ይደረግ? ሙላቱ ዜማውን በአምስቱ ላይ አቁሞ፣ ሥሩን በጃዝ አካሄድና በላቲን ከበሮ ሞላው። ኢትዮ ጃዝ ያልነው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለኛ ለደቡብ ልጆች አንድ የሚያኮራ ነገር አለ። ሙላቱ በየመድረኩ የደራሼን ሕዝብ ሳያነሣ አያልፍም። ደራሼዎች ቁመቱ የተለያየ ቀርከሃ እየቆረጡ፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ እየነፋ፣ ተሰልፈው ይጫወታሉ። የአንዱ ድምፅ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ተገጣጥሞ ነው ዜማ የሚሆነው። ጃዞች ደክመው የደረሱበትን የድምፅ አሰላለፍ ደራሼዎች ጥንት ያውቁት ነበር ባይ ነው ሙላቱ። ደራሼና ወላይታ ከ2023 ወዲህ በአንድ ክልል፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ውስጥ ናቸው። ከሶዶ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ በኩል የሚወርድ መኪና የሚያደርስበትን ጎረቤታችንን ግን ቦስተን የተማረ ሰው እስኪነግረን ድረስ ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ይህ ሁሉ ሙዚቃ ታዲያ በምን ተረፈ? በአንድ ወጣት ድፍረት ነው። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሥ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ትእዛዙን ቸል ብሎ የአለማየሁን ዘፈን ቀርጾ በውጭ አገር አሳተመ። የመጣው ይምጣ አለ፤ የመጣበት ነገር ግን አልነበረም። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆች አወጣ። ካይፋና ፊሊፕስም ተከተሉ። ልብ በሉ፤ የዕድሜ እኩያችን ነበር። ያ ልጅ ሕግ አክብሮ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት አብዛኛው ድምፅ ከየሌሊት ክበቡ ጢስ ጋራ ተኖ በቀረ ነበር።

ፍቅሬ ግን ዓይኔን አያሳውረኝም። በ1973 መጨረሻ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከነሙላቱ ጋራ ተገናኘ፤ ከንጉሡም ኒሻን ተቀበለ። በዚያው ዓመት የወሎ ገበሬ በረሃብ ያልቅ ነበር። ወርቃማ የምንለው ዘመን ለሁሉ ወርቅ አልነበረም። የአዲስ አበባ ሌሊት በሳክስፎን ሲደምቅ፣ ሸክላ ማጫወቻ ቀርቶ ኩራዝ የሌለው ቤት ብዙ ነበር። ይህን የማይናገር አድናቂ ሙዚቃውንም በቅጡ አልሰማም።

በመስከረም 1974 ዘውዱ ወረደ። ሙላቱ በዚያው ዓመት «የካቲት» የተሰኘውን ሸክላ አወጣ፤ ማሕሙድ አሕመድ ደግሞ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋራ «እሬ መላ መላ»ን ለካይፋ ዘፈነ። ያን ጊዜ ግን ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ሰዓት እላፊ ለጃዝ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ጃዝ የማታ ልጅ ነው። ሆቴሎቹ እንግዳቸውን ቆልፈው እስኪነጋ የሚያጫውቱበት ጊዜ ቢኖርም፣ አዋጁ እስከ 1991 ድረስ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ከረመ። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ። አምሃ በ1975 አሜሪካ ገባ። በሒልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ በ1981 ለጉብኝት አሜሪካ ሄዶ፣ አራቱ አባሎቹ እዚያው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት የኋላውን በር ከፍቶ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም «ይህ ማነው?» አለ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ አሮጌዎቹን ሸክላዎች በተከታታይ አሳተመ። በ2005 የሙላቱ ዜማዎች በጂም ጃርሙሽ ፊልም ተሰሙ። ስለዚህ እኛ ልጆቹ የአባቶቻችንን ሙዚቃ መልሰን የሰማነው በአመዛኙ በባሕር ማዶ በኩል ዞሮ ነው። ይህን ስጽፍ ደስታና እፍረት እኩል ይሰሙኛል።

እፍረቱ ግን ከዚህም ይቀርበኛል።

ያደግሁት ከሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ሥር ነው። አጎቴ በመናኸሪያው አካባቢ ሹፌር ነበር፤ በአንድ የካርቶን ሣጥን ካሴቶች ነበሩት። ጥላሁን አለ፣ አለማየሁ አለ፣ አንድ የኦቲስ ሬዲንግም ነበር። ከሁሉም ሥር ጽሑፍ የሌለው አንድ ካሴት ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ሬዲዮው «እሬ መላ መላ»ን ሲያሰማ ደስታዬ ገንፍሎ ያንን ካሴት አነሣሁና ቀዳሁበት። ማታ አጎቴ መጥቶ ቴፑን ከፈተ። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ አባባ የዘፈነበት ነው» አለኝ። በእናቴ ሠርግ ላይ አያቴ በክራር በወላይትኛ የዘፈነው ነበር። አያቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አጎቴ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ክርክራችንን እንደገና እንየው። ጓደኛዬ «የራስህን ትተህ» ብሎኛል፤ በዚህ በኩል ልክ ነው፤ የራሴን በገዛ እጄ ደምስሻለሁ። ጥፋቱ ግን የማሕሙድ አይደለም፣ የሳክስፎኑም አይደለም። ጌታቸው ሳክስፎን ስላነሣ ሽለላ አልሞተም፤ እንዲያውም ዕድሜ አገኘ። ዜማን የሚገድለው እንግዳ መሣሪያ ሳይሆን ያልተቀረጸ ሞት ነው። የአዲስ አበባው ሙዚቃ የተረፈው ከኛው የተሻለ ስለነበረ አይደለም፤ አንድ አምሃ ስለነበረው ነው። በየቀበሌያችን በጊፋታ ሰሞን የሚያቀነቅኑት አዛውንት፣ በሠርግ ቤት አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበለው ዜማ፣ ከቀንድና ከቀርከሃ የተሠራውን ጥሩንባ የሚነፉት ሰዎች የራሳቸው አምሃ እሸቴ ያስፈልጋቸዋል። ለዚያ ዛሬ የሸክላ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ በኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል። ለመጪው ጊፋታ ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ድምፅ ቀርጸን፣ ስሙንና ቀበሌውን ጽፈን ብንመለስ፣ ይህ ክፍል ብቻ የአንድ አገር ያህል ሣጥን ይሞላል። አስቀድሞ ግን ማስፈቀድ ነው፤ ድምፅ የባለቤቱ ነውና።

ያ ካሴት ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ማሕሙድ ዘፍኖ ሲጨርስ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የቴፑን ቁልፍ ያነሣሁበት ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ያልደረሰበት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ቀርቷል። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ክራር፤ ከዚያም አያቴ አንዱን ስንኝ ጀምሮ ሳይጨርሰው ክሩ ያልቃል።