ከአርማንያ ቁልቁል

ሸዋ ሮቢት ነው ያደግሁት ስል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚታየው እስር ቤቱ ነው። «ምን አጥፍተህ?» ይለኛል ቀልደኛው። እኔ ግን ሮቢት ስባል የሚመጣብኝ ሙቀቱ፣ የማሽላው ማሳና በስተምዕራብ ቀና ሲሉ የሚታየው ተራራ ነው። እዚያ ላይ ደብረ ሲና አለች። ከሷ ወደ እኛ ሲወረድ ደግሞ አርማንያ። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን የተረከው እዚያው ነው።

መጽሐፉን ያነበብኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከአስተማሪያችን ተውሼ ነው። አደፍርስ በተናገረ ቁጥር በእርሳስ አሰምራለሁ፤ የሰው መጽሐፍ መሆኑንም ረስቼው። ስመልስ የደረሰብኝን ቁጣ እንተወው። ሌሎቹ ሲናገሩ ግን ገጹን እየዘለልኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር «አደፍርስ»ን ጀምሮ የተወው ሰው ብዙ ነው፤ ክርክሩ ረጅም ነው፣ አማርኛውም ጥርስ ይፈልጋል።

ዳኛቸው በ1928 ዓ.ም. ደብረ ሲና ተወለደ። ሥራው ማስተማር ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ። አሜሪካ ሄዶ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ድርሰት ተማረ። በእንግሊዝኛ የጻፈው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የዝቋላን ጉዞ የሚተርክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ታተመ። ለሚጽፉ ሰዎች ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን አዘጋጀ። ልብ ወለድ እየጻፈም ጠመኔውን አልጣለም ማለት ነው።

«አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ ጎዳና ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ባላባቷ ወይዘሮ አሰጋሽ በልብ ወለዱ ውስጥ ርስታቸውን ይዘው ይሟገታሉ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ እንደሳቸው ያለው ባለርስትነት አበቃ። እንግዲህ ከአስተማሪ ደራሲ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የተማረው ልጅ ረትቶ እንዲወጣ አይደለም?

ዓምና ከአዲስ አበባ ወደ ሮቢት ስሄድ መጽሐፉን አውቶቡስ ላይ እንደገና ያዝኩት። የጣርማ በርን ዋሻ ሳናልፍ ግራ ተጋባሁ። አደፍርስ የሚናገረው ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው ነው፤ ትክክል ቢሆንም ይደርቃል። ሌሎቹ ግን በተረቱ፣ በመሐላው፣ በሙግቱ ያለ ድካም ይሄዳሉ። አስተማሪው ደራሲ ምርጡን አማርኛ የሰጠው ለተማረው ወገን አልነበረም! እርሳሴን ባወጣ ኖሮ የማሰምረው በልጅነቴ የዘለልኩትን ነበር።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ፈረንሳዊቷ አኒ ኤርኖም የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። አባቷ ትንሽ ሱቅና ቡና ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። የመምህርነቱን ፈተና ባለፈች በሁለት ወሯ አረፉ። ኋላ ስለሳቸው ስትጽፍ መጽሐፉን የጀመረችው ከዚያ ፈተና ነው፤ ትምህርቷ ከአባቷ ምን ያህል እንዳራቃት ለማየት።

እኔም አያቴ ነበረችኝ። አንድ ነገር ስትጠየቅ ከተረት ትነሳ ነበር። ተማርኩ ባልኩ ጊዜ መሃል ላይ እያቋረጥኩ «እማማ፣ ዋናውን ንገሪኛ!» እላት ነበር። ዝም ትላለች። ከተረቶቿ አሁን የማስታውሰው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው፤ እነሱም መጨረሻቸው የለም።

አርማንያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ መጽሐፉን ሰረቅ አድርጎ እያየ፣ «ጋሼ፣ ደራሲው የየት አገር ሰው ነው?» አለኝ።

ዞሬ ተራራውን ላሳየው ብል ጉም ሸፍኖታል።

«አሁን አልፈነው መጣን» አልኩት።